መጥፎ ዜና በጊዜ ሲደርስ፦ አጃይልና የቃሊቲው መጋዘን

(በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ ለሶፍትዌር ምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ዛሬ ወደዚህ ግቢ የመጣሁት በቃሊቲ በኩል ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ተሳቢ ከተሳቢ ጀርባ ተሰልፎ ይቆማል፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ይተኛል፤ ረዳቱ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ይህ ክፍለ ከተማ የአገሪቱ ዕቃ የሚያልፍበት በር ነው። ከጅቡቲ የተነሣ ጭነት ብዙውን ጊዜ ማረፊያው በዚህ መስመር ከተደረደሩት መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎችና የጉምሩክ ግቢዎች አንዱ ነው። እኔም ስለ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አመራር ከማውቀው ውስጥ የሚበዛውን የተማርኩት ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን እዚሁ ቃሊቲ ከሚገኝ አንድ መጋዘን ነው። ስለ አጃይል እንድናገር ስትጋብዙኝ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝም እርሱ ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም የማዕከላዊ መጋዘኑን ገቢና ወጪ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማሸጋገር ጨረታ አወጣ፤ እኛም አሸነፍን። እኔ የቡድኑ መሪ ነበርኩ፤ ስድስት ፕሮግራመሮች አብረውኝ ይሠሩ ነበር። ሥራውን በስክረም ለመምራት ወሰንን። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ስፕሪንት እንጀምራለን፣ እንዘጋለን። በየማለዳው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቆመን እንነጋገራለን። በስፕሪንቱ መጨረሻ ሬትሮስፔክቲቭ እናደርጋለን፤ ማለትም ሥራውን ሳይሆን አሠራራችንን መለስ ብለን እንመለከታለን። ግድግዳችን በቢጫ ወረቀት ተሸፍኖ ነበር። የጎበኘን ሁሉ ያደንቀን ነበር። ቢሯችን ቦሌ ነበር፤ መጋዘኑ ቃሊቲ።

ርክክቡ ሰኔ ላይ ሆነ። ሥርዓቱን በትልቅ ስክሪን ላይ አሳየን፤ ኃላፊዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፣ በዚያ መጋዘን ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ እናት፣ እጃቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ ግማሹ ዕቃ መጥቶ ግማሹ ሞጆ ሲቀር የት ነው የምጽፈው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሞዴል 19 የመንግሥት ንብረት ገቢ የሚደረግበት፣ ሞዴል 22 ደግሞ ወጪ የሚደረግበት ሰነድ ነው። እኛ የሠራነው ሥርዓት ለአንድ ግዢ አንድ ሞዴል 19 ብቻ ይቆርጥ ነበር። በእውነተኛው መጋዘን ግን አንድ ግዢ በሦስት መኪና፣ በሦስት የተለያየ ሳምንት ይመጣል፤ ለእያንዳንዱም ሰነድ ይቆረጣል። ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ የዘወትር ሥራቸው ነው። ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረኝም። ሃያ ሁለት ስፕሪንት ጨርሰን ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥርዓቱን ሲያዩ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

ወደ ቦሌ ስንመለስ ከቡድኑ በዕድሜ ትንሹ ልጅ መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ይህን ከአምስተኛው ስፕሪንት ጀምሮ አውቀው ነበር» አለኝ። የድሮውን መረጃ ወደ አዲሱ ሥርዓት ለማስገባት የስቶክ ካርዶችን ሲገለብጥ፣ አንድ የግዢ ቁጥር በሦስት ሞዴል 19 ላይ ተደጋግሞ አይቷል። ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «መናገር የነበረብኝ ግምገማው ላይ ነበር» ብሎ መለሰልኝ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በዚህች ቃል ውስጥ ያለ ነው። ሬትሮስፔክቲቭ የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ የመለስንለት እኛው ራሳችን ነበርን፤ ግድግዳው ላይም በትልቁ ጽፈነው ነበር፦ «ግምገማ፣ ዓርብ 9፡00 ሰዓት»።

ቃል የራሱ ታሪክ አለው። የሂስና የግለ ሂስ ልማድ ከፖለቲካ ድርጅቶች ተነሥቶ፣ በተለይ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፣ ግምገማ በሚለው ስሙ ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ሰተት ብሎ ገብቷል። በዚያ መድረክ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። ስለ ራሱ ቀላሏን ጥፋት መርጦ ይናዘዛል፤ ስለ ሌላው ደግሞ አለቃው አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል። ከዚህ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። ታላቅን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው፤ የውሂብ ጎታውን ንድፍ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ያ ልጅ ምን ያድርግ? የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ የሙከራ ጊዜውን ገና መጨረሱ ነው፤ የአለቃው ንድፍ ስሕተት መሆኑን «ግምገማ» በተባለ ስብሰባ ላይ እንዲናገር ነበር የምንጠብቀው። ዝምታው የባሕርይ ድክመት አልነበረም። ያደገበትን ሥርዓት በሚገባ ማንበብ ነበር።

ኖርማን ከርዝ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ሬትሮስፔክቲቭ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ተሳታፊዎች አንድ ነገር እንዲቀበሉ ይጠይቃል። ይኸውም ማንኛውም ሰው በዚያን ጊዜ በነበረው ዕውቀት፣ ችሎታና ሁኔታ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል ብሎ መነሣት ነው። እኛ ስብሰባውን ወስደን ይህን ቅድመ ሁኔታ ተውነው። ቅድመ ሁኔታው ከሌለ የሚቀረው ስብሰባ እኛ ከምናውቀው ግምገማ በምንም አይለይም፤ ስለዚህ ትርጉማችን በአንድ በኩል ትክክል ነበር ማለት ይቻላል።

አጃይል ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላስታውሳችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልቆይበትም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሂሮታካ ታኬኡቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን አዳዲስ ምርቶችን በፍጥነት የሚያወጡ ኩባንያዎችን አጥንተው በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ጽሑፍ አወጡ፤ ስክረም የሚለውም ስም ከራግቢ ጨዋታ ጋር የተያያዘው በዚያ ጽሑፍ ነው። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር ስክረምን እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። በየካቲት ወር 2001 እ.ኤ.አ. አሥራ ሰባት ባለሙያዎች በዩታ ግዛት ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው የአጃይልን ማኒፌስቶ ጻፉ። በዚያ ማኒፌስቶ ውስጥ ስፕሪንት የሚል ቃል አታገኙም፤ ቢጫ ወረቀትም የለም። ያለው አራት የእሴት ምርጫ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ከደንበኛ ጋር መተባበርን በውል ላይ ከመከራከር ያስቀድማል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የጃፓኑ ሥር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሥሩ በሌላ በር ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ፣ በጃይካ፣ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሠላሳ ድርጅቶች ላይ የካይዘን ሙከራ ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በፋብሪካ ግድግዳ ላይ ከማጣራት እስከ ማዝለቅ ያሉትን «አምስቱን ማዎች» ያላየ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ካይዘንና አጃይል ሁለቱም ከቶዮታ የምርት ሥርዓት ብዙ ወስደዋል። በቶዮታ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ደግሞ ገመድ አለ። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ ኃላፊው ሮጦ ይመጣል፤ ችግሩ በዚያው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የሳበ ሠራተኛ አይቀጣም፤ ይመሰገናል እንጂ።

በየፋብሪካውና በየቢሮው ባየኋቸው ቦታዎች እኛ መለያ ቀለሙን፣ መስመሩንና ፖስተሩን ወስደናል። ገመዱን አልወሰድንም። ከዚያ በፊት ቢፒአር ነበር፣ ቢኤስሲም ነበር፤ እያንዳንዱ ሲመጣ አዲስ ቅጽ ይዞ መጣ እንጂ ለትንሹ ሠራተኛ አዲስ ድፍረት ይዞለት አልመጣም። አጃይልም ወደ ሶፍትዌር ቢሮዎቻችን በዚሁ መንገድ እየገባ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በነገራችን ላይ በመመረቂያ ጽሑፎች ምዕራፍ ሦስት ላይ «አጃይል ተጠቅመናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አሁን አሁን ፈገግ ሳልል አላነበውም። ተማሪዎቹ ለአማካሪያቸው ያሳዩት ሥራ አንድ ጊዜ፣ እርሱም በመጨረሻው ሳምንት ነው። መምህራንም ሆነ ተማሪዎች አትቀየሙኝ፤ እኔም ስመረቅ እንዲሁ ነበር የጻፍኩት።

ስለዚህ አጃይልን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጸው ብትሉኝ፣ መጥፎ ዜና ገና ርካሽ ሳለ እንዲደርስ የሚደረግ ዝግጅት ነው እላችኋለሁ። ስፕሪንቱ አጭር የሆነው ስሕተቱ የሁለት ሳምንት ስሕተት ሆኖ እንዲቀር ነው። የማለዳው ስብሰባ የሚያስፈልገው የተደናቀፈው ሰው ዛሬውኑ እንዲናገር ነው። በስክረም መመሪያው መሠረት ያ አሥራ አምስት ደቂቃ የሠሪዎቹ የራሳቸው ነው፤ ለአለቃ ሪፖርት የሚቀርብበት አይደለም። የእኛ ማለዳ ግን «ትናንት ሰማንያ በመቶ፣ ዛሬ ዘጠና በመቶ» የሚባልበት ነበር። ዘጠና በመቶ የደረሰ ሥራ ደግሞ በዘጠና በመቶ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ፕሮግራመር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ የማውቃቸው ምሁር፣ «ይህ ለመጋዘን ይሆናል፤ ለታላቅ የሕዝብ ጉዳይ ግን ጥድፊያ አያስፈልግም» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ከዚህ ግቢ ብዙም ሳንርቅ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ20/80 እና የ40/60 ቤቶችን፣ ከ25 ሺህ በላይ የሚሆኑትን፣ በሶፍትዌር ዕጣ አወጣ። በቀናት ውስጥ ግን የቁጠባ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ መግባታቸው ተገልጾ ዕጣው ተሰረዘ፤ እንደገናም በኅዳር 2015 ዓ.ም. ወጣ። ከጉዳዩ ጋር የተያያዘው የወንጀል ጥያቄ የፍርድ ቤት ነው፤ እኔ አልነካውም። የእኔ የምህንድስና ጥያቄ ነው። ለዓመታት ቆጥቦ የጠበቀ ሰው ዕጣው ወጣልኝ ብሎ ዘመድ ጠርቶ፣ በሳምንቱ ተሰርዟል ሲባል፣ ያ ስሕተት ስንት ዋጋ አስከፈለ?

ዕጣን በስፕሪንት ከፋፍላችሁ ልታወጡ አትችሉም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። «በሚቀጥለው ስፕሪንት እናስተካክለዋለን» ማለት እዚያ አይሠራም፤ በዚህ ረገድ ምሁሩ ልክ ናቸው። ልምምዱን ግን መከፋፈል ይቻላል። በሺህ ስም የሙከራ ዕጣ አውጥቶ ዝርዝሩን ከባንኩ መዝገብ ጋር በአደባባይ ማመሳከር፣ በሳምንቱ በአሥር ሺህ መድገም፣ ሶፍትዌሩን የሠራው ያልሆነ አካል በየዙሩ እንዲመረምረው ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው እውነተኛ ማሳያ ከእውነተኛው ዕጣ ጋር በአንድ ቀን መዋል የለበትም። ይህ ጥድፊያ አይደለም፤ እንዲያውም ከጥድፊያ ማምለጫ ነው።

መንግሥታዊ ተቋም በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም የሚሉም አሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ለምርመራ መዝገቦቹ ያሠራውን ሶፍትዌር 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣለው። ሴንቲኔል የተባለውን ምትክ እ.ኤ.አ. በ2006 ለኮንትራክተር ሰጠ፤ እርሱም ተጓተተ። በ2010 ሥራውን ወደ ራሱ መልሶ፣ በትንሽ ቡድንና በሁለት ሳምንት ስፕሪንት ይዞ፣ በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ለሠራተኞቹ ክፍት አደረገው። በምሥጢር ጠባቂነቱ የታወቀ ተቋም ለራሱ ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ ጉድለቱን ማሳየት ከቻለ፣ የእኛዎቹ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

እርግጥ ነው፣ የእኛ አገር የራሱ ማነቆ አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተከፈለ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ርክክብ ሁሉ ሰኔ ላይ ይታጨቃል፤ የእኛም ርክክብ ሰኔ ላይ የዋለው በዚሁ ነበር። የጨረታ ሰነዱ ደግሞ ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ሙሉውን ዝርዝር ይወስናል። በእኛ ውል ላይ አርባ አንድ ተግባራት ነበሩ፤ በከፊል የመጣ ዕቃ የሚል ቃል ከአርባ አንዱ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ዝርዝሩን ያዘጋጁት የዋናው መሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊ ጥሩ ባለሙያ ናቸው፤ ነገር ግን በእጃቸው ሞዴል 19 ቆርጠው አያውቁም። እኛም ፕሮዳክት ኦውነር፣ ማለትም የምን ይቅደም ወሳኝ፣ ያደረግነው እርሳቸውን ነበር። እኔ አሁን ውል ስፈርም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ክፍያው በሰነድ ርክክብ ሳይሆን ተጠቃሚው በእጁ በሠራበት ቁራጭ ሥራ ላይ ይታሰር። ሕጉን መለወጥ አይጠይቅም፤ የክፍያ ሰንጠረዡን በሌላ መንገድ መጻፍ ብቻ ይበቃል። አንዳንዱ እሺ ይላል፤ ብዙው አይልም።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ከዚያ ሰኔ በኋላ የሦስት ወር ጊዜ ለምነን አገኘን፤ የመጨረሻው ክፍያም እስኪያልቅ ተያዘ። ሦስት ጠረጴዛ ወደ ቃሊቲ አዛወርን፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከጎማ ክምር አጠገብ። ስፕሪንቱን ወደ አንድ ሳምንት አሳጠርነው። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መኪና ሲበርድ፣ ቡና ሲፈላ፣ የሠራነውን ለንብረት ክፍል ኃላፊዋና ለሁለት ጸሐፊዎች እናሳያለን። እነርሱ ራሳቸው ይነካካሉ፤ እኛ አይጡን አንይዝም። ግምገማ የሚለውን ቃል ከግድግዳው አወረድን፤ በምትኩ «ምን አየን?» አልነው። ሕጉ ሁለት ነበር፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አይገኝም፣ የመጀመሪያውን ስሕተት የምናገረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የራሴ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ዓርብ ከእኔ በቀር የተናገረ አልነበረም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ያ ልጅ፣ የወር ሪፖርታችን አሥራ ሁለት ወር ብቻ እንደሚያውቅ፣ ጳጉሜን ላይ የሚገባ ዕቃ ከየትኛውም ሪፖርት ላይ እንደማይታይ ተናገረ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ጸሐፊዎቹ ሳቁ፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደሚደመር የማያውቅ የመጋዘን ሠራተኛ የለምና። የማያውቅ ስላልነበረ ነው ማንም ያልጻፈው። በዚያች ዓርብ የተናገረው ነገር አምስት ቀን የሞላ ገቢ ከመዝገብ ከመጥፋት አዳነ።

ኃላፊዋም በዚያው ሰሞን ከመሳቢያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡልን። ቅጹ ቦታ የማይሰጠውን ሁሉ ለዓመታት ሲጽፉበት ኖረዋል። ካርቶኑ ርሶ የመጣ ዕቃ፣ በስሕተት የሌላ መሥሪያ ቤት ጭነት ሲራገፍ፣ መብራት ጠፍቶ በእጅ የተቆረጠ ሰነድ በኋላ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ለኦዲተር የሚቀርበው ቅጂ ስንት ፊርማ እንዳለው። ባክሎጋችን፣ ማለትም የሚሠራው ሥራ ዝርዝር፣ ይህ ደብተር ሆነ። «ልጄ፣ ይህን እኮ የጠየቀኝ የለም» ነበር ያሉኝ፤ «እኛ መጠየቅ ነበረብን፣ እትዬ» ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ሁሉም ነገር ሰመረ እንዳትሉ። የድሮውን መረጃ የማስገባቱ ሥራ በሳምንት ስፕሪንት ሊከፋፈል አልቻለም፤ ወደ ተራ የሥራ ዝርዝር መለስነውና አንድ በአንድ ጨረስነው። ከአርባ አንዱ ተግባራት በመጋዘኑ ውስጥ በየቀኑ ሥራ ላይ የዋሉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ሠላሳ ሁለት ውሉ ስለሚያስገድድ ሠርተን አስረከብን፤ እስካሁን የከፈታቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። የእነርሱን ወጪ የከፈለው ሕዝብ ነው፤ የእኔም ፊርማ አለበት።

በዚህ ዓመት ለልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ በዚሁ አካባቢ ወዳሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ትመደቡ ይሆናል። ስክረም ተጠቀሙ ወይም አትጠቀሙ አልላችሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ንብረት ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ የማን መሳቢያ ውስጥ ምን ደብተር እንዳለ ጠይቁ። ኃላፊዋ ጡረታ ሲወጡ ደብተሩን ለእኛ ትተውልን ሄዱ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያሉት ሦስት ጥያቄዎች እስካሁን አልተመለሱም። አንደኛው፣ ተመላሽ የተደረገ ዕቃ ዋጋው በየትኛው ዓመት ሂሳብ ይያዝ የሚለው ነው፤ ከመካከላችሁ የሂሳብ አያያዝ መምህር ካለ ከእርሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።